መጥረጊያና ቆጥ

ጡረታ ስወጣ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ኬክ ቆረሱ፣ የእጅ ሰዓት ሸለሙኝ፣ አለቃዬም ከወረቀት ላይ እያነበበች አመሰገነችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሚኒያፖሊስ በሚገኝ ሆስፒታል የመዝገብ ክፍል፣ ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ኮምፒውተር ጥገና፣ ከዚያም በፊት ሴንት ፖል መሃል ከተማ ወለል መወልወል። አንድም ሳታስቀር ቆጠረችው። ከሁሉ የምኮራበትን ሥራዬን ግን አላነሳችም። አልፈርድባትም፤ ደሞዝ ያልተከፈለበት ሥራ በማንም ወረቀት ላይ አይገኝም። ስለዚህ እኔው ልጻፈው። ራሱን የሚያመሰግን ሰው የማይወድ አንባቢ ካለ እዚሁ ላይ ይለፈኝ፤ እኔ ላመሰግን ነው የተቀመጥኩት።

ኢንተርኔት በየቤቱ ሳይገባ በፊት ቦርድ የሚባል ነገር ነበር። አንድ ሰው ቤቱ ያለውን ኮምፒውተር ከስልክ መስመሩ ጋር ያገናኘዋል። ሌላው ከራሱ ኮምፒውተር ይደውልለታል፤ ኮምፒውተሩን ከስልኩ የሚያገናኘው ዕቃ፣ ሞደሙ፣ ይጮሃል፣ ይንጫጫል፣ ከዚያ ይገናኛሉ። የገባው ሰው የተጻፈለትን ደብዳቤ ያነባል፣ መልስ ይጽፋል፣ ይወጣል። መስመሩ አንድ ከሆነ የሚገባውም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ቦርዶች ደግሞ እርስ በርሳቸው እየተደዋወሉ ደብዳቤ ይቀባበሉ ስለነበር፣ ሴንት ፖል የተጻፈ ነገር በማግሥቱ ሌላ ስቴት ይነበባል። የቦርድ ባለቤት መሆን ማለት የሰው ሁሉ ፖስታ ቤት መሆን ነበር፣ ያውም በነፃ።

እኔ የማውቀው ቦርድ የጋሽ ኪዳኔ ነው። ጋሽ ኪዳኔ አሥመራ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው፣ ጉልምስናቸውን በቴሌ የስልክ ማዞሪያ ላይ ያሳለፉ ሰው ነበሩ። ሴንት ፖል አጠገብ ሜፕልዉድ ባለችው አፓርትመንታቸው ትንሿን ክፍል ለቦርዱ ለቀውለት ነበር። ደዋዮቹ የኛው ሰዎች ነን፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አሥመሬውም የአዲስ አበባውም፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል እየከተብን እንግባባለን።

የተዋወቅነው የተበላሸ ሞደም ይዘው እኔ የምሠራበት የጥገና ሱቅ ሲመጡ ነው። ክዳኑን ልከፍት ስል ትክ ብለው አዩኝና «ቆይ፣ አሁን ምን አደረግህ?» አሉኝ።

«ገና ምንም አላደረግኩም።»

«አድርገሃል። መጀመሪያ የጠረጴዛውን ብረት ነካህ። ማን አስተማረህ?»

«የሚኒሶታ ክረምት ነዋ! እጄን እየነዘረ አስተማረኝ።»

ሳቁ። በዚያ ደረቅ ብርድ ምንጣፍ ላይ የሄደ ሰው ብረት ሳይነካ የኮምፒውተር ዕቃ ከነካ በጣቱ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ዕቃውን ሊገድል ይችላል። «ቅዳሜ ቤት ና፣ ሰይድ» አሉኝ። ለስምንት ዓመት ቅዳሜዬ የሳቸው ሆነ።

ስለ ልማዶቻቸው ብዙ ማውራት እችላለሁ። የሰው ደብዳቤ አያነቡም፤ ስክሪኑ ላይ ድንገት ቢመጣ እንኳ ፊታቸውን ያዞራሉ። «የማዞሪያ ሰው መስመር ያገናኛል እንጂ አይሰማም» ይላሉ። የዲስኬት ልጥፍ መጀመሪያ ይጻፋል፣ ከዚያ ነው የሚለጠፈው። ከተለጠፈ በኋላ በእስክሪብቶ የጻፈበት ሰው ከክፍሉ ይባረራል፤ የእስክሪብቶው ጫፍ ከሥር ያለውን ስስ ዲስክ ይጎዳዋላ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ደብተራቸው ነው። የእያንዳንዱ ደዋይ ስም፣ ስልክና መጨረሻ የደወለበት ቀን በእጅ ተጽፎ ይቀመጣል። አንድ ሰው ሲጠፋ ከኮምፒውተሩ አይሰርዙትም፤ ስልክ አንስተው «ምነው ድምፅህ ጠፋ? ደህና ነህ?» ይሉታል። ከአሥር ሰው አንዱ «ይሰርዙኝ» ይል ይሆናል። ሌላው ታሞ፣ ቤት ቀይሮ፣ ወይ ከሚስቱ ተጣልቶ ነው።

እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ ችኩል ነበርኩ። የኮምፒውተሩ ዲስክ ሊሞላ ነው፣ ጋሽ ኪዳኔ ቅዳሜያቸውን ሙሉ ስልክ ላይ ናቸው። «ይሄ እኮ በፕሮግራም ይሠራል!» ብዬ ተነሳሁ። ጽፌ ስጨርሰው ስሙን መጥረጊያ አልኩት። ለረዥም ጊዜ ያልደወለን ሰው ስሙን ከነደብዳቤው ያወጣል። ከዚያ የቀሩትን ደብዳቤዎች እያሸጋሸገ ክፍተቱን ይዘጋል፤ አግዳሚ ወንበር ላይ አንዱ ሲነሳ ሌሎቹ እንደሚጠጋጉት ማለት ነው። የቅዳሜ ሙሉ ሥራ አራት ደቂቃ ሆነ። አብሮት አጭር መግለጫ ጻፍኩ፦ በነፃ ነው፣ ከወደዳችሁት ፖስት ካርድ ላኩልኝ። በመንትያዎቹ ከተሞች፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ ላሉ ስድስት የቦርድ ባለቤቶችም አደልኩት።

«ረዥም ጊዜ» ስንት ቀን ይሁን የሚለውን አስቤበታለሁ። የሙስሊም ጓደኞቼ በረመዳን ቦርዱ ላይ ድርሽ እንደማይሉ አውቃለሁ፤ እኔም አልገባም። ስለዚህ ሠላሳ ቀን ለጾሙ፣ አሥራ አምስት ደግሞ ለኢድና ለስንፍና ጨምሬ አርባ አምስት አደረግኩት። ለሰው አሳቢ ፕሮግራም ጻፍኩ ብዬ ኮራሁ።

በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ሳምንት ገቡ። ጋሽ ኪዳኔ የቤቱን ቁልፍ ሰጡኝና «እስከ ፋሲካ ቦርዱን አንተ ያዘው» አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ከመልቀቃቸው በፊት እንደ ልማዳቸው የቦርዱን ሁሉ ቅጂ በአምስት ዲስኬት አስቀመጡ፤ እኔም አገዝኳቸው።

ወሎ ተወልጄ ሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን መሆኑን አላውቅም ብል ማን ያምነኛል? ከነቅበላው አውቀዋለሁ። ክርስቲያን ሥጋና ቅቤ ይተዋል እንጂ ቦርድ ይተዋል ብዬ ግን አላሰብኩም። ለካ በዚያ ዓመት የቦርዱ ክርስቲያኖች የንስሐ አባት ለየአንዳንዱ «የሚከብዳችሁን ጹሙ፤ የዓይንም የአንደበትም ጾም አለ» ብለዋቸው ኖሯል። አንዱ ለሌላው አልተናገረም። የግል ጾም አይታወጅም፤ የሚጾም ሰው ጥሩምባ አያስነፋም። አንድ ሰው እንኳ «እስከ ፋሲካ አልደውልም» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

መጥረጊያ ቅዳሜ ቅዳሜ ራሱ ይነሳል። በሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ስመጣ ስክሪኑ ላይ አሥራ ዘጠኝ ሰው መሰረዙን አየሁ። ስማቸውን እንኳ አላነበብኩም፤ የተገኘውን ባዶ ቦታ አይቼ «ጎበዝ!» አልኩት።

የፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ ቁልፍ ልመልስና እንኳን አደረሰዎ ልል ጋሽ ኪዳኔ ቤት ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ ስልክ ጮኸ። አንስተው ትንሽ አዳመጡና «ላንተ ነው፣ የቦርዱ ጉዳይ ነው» ብለው ሰጡኝ። ወይዘሮ ብርክቲ ናቸው፣ በአረጋውያን መጦሪያ የልብስ እጥበት የሚሠሩ የሠፈራችን ሰው።

«እትዬ ብርክቲ፣ እንኳን አደረሰዎ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ሰይድ፣ ይሄ ቦርድ አላውቅሽም አለኝ እኮ። ፓስወርዴን ሦስት ጊዜ ትራይ አደረግኩ። አዲስ ሰው ነሽ፣ ተመዝገቢ ይለኛል።»

«ችግር የለም፣ ይመዝገቡ። አሁኑኑ አስገባዎታለሁ።»

«እሺ። የተወልደስ ደብዳቤዎች?»

ተወልደ ባላቸው ነው። ሌላ ስቴት በሥጋ ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ የርቀት ስልክ ውድ ስለነበረ በጓደኛው ኮምፒውተር ይጽፍላቸዋል፣ ደብዳቤው ከቦርድ ቦርድ ዞሮ ሜፕልዉድ ይደርሳል። ባለፈው መኸር ልቡ ቆሞ እዚያው ሞተ። ደብዳቤዎቹ ሠላሳ ዘጠኝ ነበሩ፣ ያሉትም ቦርዱ ላይ ብቻ ነው። ወይዘሮ ብርክቲ ከሥራ ሲመለሱ በየቀኑ አንዷን ይከፍቱና ያነቡ ነበር።

«ለምን... ለምን ሳይደውሉ ቆዩ?» አልኩ። ጥፋቱን ወደሳቸው መግፋቴ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

«ጾሜ ነበራ» አሉኝ። «ሥጋማ ምን ይቸግረኛል? የሚከብደኝን ነው የጾምኩት። ሃምሳ አምስት ቀን አላየሁትም። ዛሬ ልፈስክ ነበር።»

ጋሽ ኪዳኔ ፊቴን ብቻ አይተው ገባቸው። አልጮሁብኝም። ወደ ትንሿ ክፍል ገብተው የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀሉ። «ከአሁን በኋላ ዲስኩ ላይ ማንም እንዳይጽፍበት» አሉ። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጡና «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉኝ፤ ከዚህ ሌላ የወቀሳ ቃል አልሰማሁም።

አምስቱን ዲስኬት አወጣን። አንደኛው ተነበበ፣ ሁለተኛው ተነበበ። ሦስተኛው ሲገባ ማንበቢያው ድራይቭ ይንገጫገጭ ጀመር። አውጥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት። ልጥፉ ላይ ያለው ጽሕፈት የኔ ነው። የዚያን ቀን ቸኩዬ መጀመሪያ ለጥፌ፣ ከዚያ በእስክሪብቶ ጽፌበታለሁ። ሁለታችንም አየነው። የሌሎቹ ሰዎች ደብዳቤ በቀሩት አራት ዲስኬቶች ላይ ተርፏል፤ የተወልደ ደብዳቤዎች ግን ያሉት እሱ ላይ ነበር።

ደግሜ ልሞክር ስል እጄን ያዙኝ። «ተው፣ እየፋቅነው ነው። ዛሬ እኛ ያልቻልነውን ነገ የሚችል ይመጣል።» በአዲስ ልጥፍ ላይ «አይጣልም» ብለው ጻፉ፤ ከጻፉ በኋላ ለጠፉት።

የቀረኝ ዋናው ዲስክ ነው። የሁለት ሳምንት የዓመት ፈቃዴን ወስጄ እዚያች ክፍል ገባሁ። መጥረጊያ ደብዳቤዎቹን ሲያሸጋሽግ በድሮው ጽሑፍ ላይ በአብዛኛው አዲሱን ደርቦበታል። ነገር ግን ፋይሉ ሲያጥር ከጭራው የተረፈው የዲስኩ ክፍል አልተነካም። ያንን በጥቂት በጥቂቱ እየከፈትኩ የተወልደን ስም ፈለግኩ። ስሙን ካገኘሁ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ብቻ አይቼ እቆርጣለሁ፣ መሃሉን አላነብም። አሥራ አራት ደብዳቤ አገኘሁ።

አትሜ ወሰድኩላቸው። ወይዘሮ ብርክቲ በር ላይ ተቀበሉኝ፤ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆጠሩትና «ሌሎቹስ?» አሉኝ።

«እፈልጋለሁ» አልኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ኪዳኔ ስልኩን ከፊቴ አስቀመጡት። «በል፣ መጥረጊያን ለሰጠሃቸው ለስድስቱም ደውል።»

«እነሱ ዘንድ እኮ ምንም አልተበላሸም፣ ጋሼ።»

«እስካሁን አልተበላሸም። ስምህን የጻፍክበት ነገር ነው።»

ለስድስቱም ደወልኩ። ፕሮግራሜ ሰው ጎድቷል፣ አጥፉት አልኩ። በተሰበረ እንግሊዝኛ ለማያውቁህ ሰዎች እንዲህ ማለት እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንደኛው «ይሄን የሚል የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ» አለኝ።

ከዚያ እንደገና ተቀመጥኩና አዲሱን ጻፍኩ። ስሙን ከጋሽ ኪዳኔ ተረት ወስጄ ቆጥ አልኩት። ቆጥ ምንም ነገር አይሰርዝም። የጠፋውን ሰው ከነደብዳቤው ወደ ሌላ ቦታ ያወጣና አንድ ዓመት ሙሉ ያስቀምጠዋል፤ ሰውየው ከደወለ ራሱ መልሶ ያወርድለታል። ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። ከባዱ ከዚህ በፊት የሚያደርገው ነው፦ የጠፉትን ሰዎች ስምና ስልክ ይዘረዝርና በእያንዳንዱ ስም ፊት ቆሞ የቦርዱን ባለቤት «ደውለህ ጠይቀኸዋል?» ይለዋል። መልስ ሳያገኝ ንቅንቅ አይልም። የጋሽ ኪዳኔ ደብተር እሱ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ስሞታው በዛብኝ። አንዱ «ፕሮግራምህ እንደ አማቴ ይጨቀጭቀኛል» ብሎ ጻፈልኝ። ግን አላወጡትም። ከቦርድ ወደ ቦርድ እየተቀዳ እኔ የማላውቃቸው ስቴቶች ገባ። ፖስት ካርዱ መምጣት ጀመረ፤ ሐይቅ ያለበት፣ በቆሎ እርሻ ያለበት፣ ትልቅ የፋይበርግላስ ዓሣ ያለበት። አንዲት ሴት «ቆጥ የጠየቀኝን ሰው ደውዬ ሳጣው እህቱን አገኘሁ፤ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፣ ሄድን ጠየቅነው» ብላ ጽፋልኛለች። አንድ የጫማ ካርቶን ሞልቶ ሁለተኛውን ጀምሬአለሁ። ጡረታ ስወጣ የተሸለምኩት ሰዓት መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ካርቶኖቹ ሳሎን ናቸው።

የሆስፒታሉን ሥራም ያገኘሁት በቆጥ ነው። ቃለ መጠይቅ ያደረገችልኝ ሊንዳ የምትባል አለቃ ነበረች። የትምህርት ወረቀቴን ገልበጥ አድርጋ «ራስህ የሠራኸው ነገር አለ?» አለችኝ። ዲስኬቱን ሰጠኋት፣ የጥፋቱንም ታሪክ ሳልደብቅ ነገርኳት። በማግሥቱ ደውላ «ሰው ከመሰረዙ በፊት የሚያመነታ ሠራተኛ ነው የምፈልገው» አለችኝ። አንድ ጊዜ የድሮ መዝገቦች ይጥፉ የሚል ትእዛዝ ሲመጣ፣ መጀመሪያ ዓመት ይቆዩ ብዬ ስብሰባ ላይ ድርቅ አልኩ። ሁሉም ተሰላቹብኝ። በሰባተኛው ወር አንዲት እናት የልጅነት ሕክምናዋን ወረቀት ፈልጋ መጣች፤ ወረቀቱ የሚያስፈልገው ልጇን ለሚያክሙት ሐኪሞች ነበር። ከቆጥ አወረድኩላት። ሊንዳ ያን ቀን ምሳ ጋበዘችኝ።

ቦርዶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ኢንተርኔት መጣና ሞደሙ ዝም አለ። ጋሽ ኪዳኔ መስመሩን ከመንቀላቸው በፊት ደብተሩ ላይ ላለው ሰው ሁሉ እየደወሉ ተሰናበቱ። ከጥቂት ዓመት በፊት እሳቸውም አረፉ፣ ነፍስ ይማር። ቤታቸው ሲጸዳ ልጃቸው ሰናይት አንድ ሳጥን ይዛልኝ መጣች። እዚሁ የተወለደች ልጅ ናት፤ እኔ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ እንግባባለን። ሳጥኑ ላይ አማርኛ ተጽፎበታል፤ «ምን ይላል?» አለችኝ።

«ለሰይድ ይላል» አልኳት። አለቀስኩ።

ከላይ የነበረው ያ ሦስተኛው ዲስኬት ነው። አይጣልም።

ሥራ ላይ እያለሁ ለመንካት ፈራሁት። ጡረታ ስወጣ ግን ሰበብ አለቀብኝ። አሮጌ ዲስኬት የሚያነብ ድራይቭ ፈልጌ ገዛሁ። አንድ የማላውቀው ሰው፣ እንደኔ ለፍቅሩ ብቻ፣ እንዲህ ያለውን የተጎዳ ዲስኬት የሚያነብ ፕሮግራም ጽፎ በነፃ አስቀምጧል። እያንዳንዱን ቦታ በቀስታ ብዙ ጊዜ ያነብና አብዛኛው ንባብ የተስማማበትን ይወስዳል። ድራይቩን አጸዳሁ። በሌሎች ዲስኬቶች ላይ ወሩን ሙሉ ተለማመድኩ። ከዚያ የማሞቂያውን ብረት ነክቼ፣ ቢስሚላህ ብዬ አስገባሁት።

አልተንገጫገጨም። ሦስት ቀን ፈጀ። ከሠላሳ ዘጠኙ ሠላሳ ሰባቱ ወጡ። የቀሩት ሁለቱ፣ ከአሥራ አራቱም ውስጥ የሌሉት፣ እስክሪብቶዬ ያረፈባት ቦታ ላይ ነበሩ፤ እነሱን ማንም አያወጣቸውም፣ የኔ ጥፋት ናቸው። ፕሮግራሙን ለጻፈው ሰው የሴንት ፖል ሥዕል ያለበት ፖስት ካርድ ላክሁለት፣ ባይጠይቅም።

ለወይዘሮ ብርክቲ ደወልኩ። አሁን ሰባ አልፈዋል፣ ሜፕልዉድ ከገበያ ማዕከሉ አጠገብ ብቻቸውን ይኖራሉ።

«እትዬ ብርክቲ፣ ሰይድ ነኝ። የተወልደን ደብዳቤዎች አገኘኋቸው። ሁለት ብቻ ቀሩ። አሁን በመኪና ላምጣልዎ?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አሉኝ። «አንብበኸዋል?»

«አላነበብኩም።»

«ሰይድ፣ ሁዳዴ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው እኮ። አሥራ አራቱንም በየዓመቱ እጾማቸዋለሁ። ዛሬም አስቀምጫቸዋለሁ።»

ቀና ብዬ ቀን መቁጠሪያውን አየሁ።

«ያኔ ሳልነግርህ ነው የጠፋው» አሉኝ። «አሁን ይኸው ነገርኩህ። እስከ ፋሲካ አስቀምጥልኝ። አደራ።»

አትሜ በትልቅ ፖስታ አሸግኩና ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀልኩት። ባለቤቴ ዘይነባ ቤት ስታጸዳ አየችውና «ይሄ ወረቀት ምንድን ነው? ላንሳው?» አለችኝ።

«አደራ ነው። እንዳትነኪው።»

ፋሲካ ዕለት ጠዋት ይዤላቸው እሄዳለሁ። እስከዚያ አርባ አምስተኛውም ቀን ያልፋል፣ አርባ ስድስተኛውም ያልፋል፤ ፖስታው ከቆጡ አይነሳም።